ስለ ሥዕል ትምህርትና ስለ አገር መልክ

የጎንደር ከተማ የሥዕል አገር መሆኗ የታወቀ ነው። በአፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ዘመን በተመሠረተችው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ዛሬም የሚያያቸውን ሁሉ ያስደንቃሉ። ነገር ግን በእነዚያ ሊቃውንት ሥራ ተራራና ገደል፥ ደመናና ጭጋግ ለብቻቸው ተሥለው አይገኙም። ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለው ሥፍራ በቀድሞው ስልት ብዙውን ጊዜ ወጥ ቀለም ነው፤ በኋለኛው ስልት ደግሞ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየተሸጋገረ ይታያል። ይህም የሆነው ሥዕሉ የሚያሳየው ሰማያዊውን ነገር ስለ ሆነ ነው እንጂ ከችሎታ ማነስ አይደለም።

ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ትክል ድንጋይ የላይ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ናት። በዚያ ደጋ የሚያድግ ልጅ በሐምሌ ጭጋግ ተራራውን ሲሸፍነው፥ በመስከረም አደይ አበባ መስኩን ሲያለብሰው፥ በመጋቢትም ሣሩ ደርቆ ምድሪቱ ስትገረጣ ያያል። ወረቀት ሲሰጠው ግን ይህን ሁሉ ትቶ ከመጽሐፍ ያገኘውን የባዕድ አገር ተራራ ቢገለብጥ፥ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የማስተማሪያው ዘዴ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊስ የመምህሩን ሥራ እየገለበጠ አልተማረምን? የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፥ ተምሯል። ነገር ግን በአብነት ትምህርት ቤት ሁለት ዓይነት ሥርዓት እንዳለ ሊቃውንቱ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። የዜማ ተማሪ የተቀበለውን ሳያዛንፍ ይጠብቃል፤ የቅኔ ተማሪ ግን የሌላውን ቅኔ ይዞ ቢቀርብ ያፍራል እንጂ አይመሰገንም፥ ከራሱ ልብ አዲስ መቍጠር አለበትና። የቅዱሳን ሥዕል እንደ ዜማው ቢጠበቅ፥ የአገር መልክ ሥዕልም እንደ ቅኔው ቢያዝ፥ አንዱ ሌላውን አይነካም።

ቅኔም ቢሆን ያለ ግስና ያለ አገባብ አይቈጠርም። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ሥርዓቱን ይማር። የሩቁ ተራራ ሰማያዊ መስሎ የሚታየው በመካከል ካለው አየር የተነሣ መሆኑን፥ የቅርቡም ድንጋይ ጥላው የጠቈረ መሆኑን ይወቅ። ከዚህ በኋላ አንዱን ሸንተረር በማለዳና በሠርክ፥ በክረምትና በበጋ ደጋግሞ ይሣል። በጎርፍ የታረሰ ማሳቸውን ያጡ ሰዎች ልጅ ያንን ቀይ አፈር ከሚታየው ይልቅ አቅልቶ ቢቀባው፥ አስተማሪው ተሳስተሃል ሊለው አይገባም። ሴዛን የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ በ1899 ዓ.ም. እስከ ሞተ ድረስ ሴንት ቪክትዋር የተባለውን አንድ ተራራ ሲሥል ኖሯል።

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረተ፤ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታም በዚያ አስተምሯል። ይሁን እንጂ የወረዳ ልጅ እስከ ዋና ከተማ መጠበቅ የለበትም። ከሰልና የአገሩ አፈር ለመጀመሪያ ቀለም ይበቃሉ፤ ከትምህርት ሹሞች የሚፈለገው በሳምንት አንድ ቀን ተማሪዎቹ ከክፍል ወጥተው በኮረብታው ላይ እንዲቀመጡ መፍቀድ፥ አስተማሪውም የሥዕሉን ውጤት በመመሳሰሉ ብቻ እንዳይመዝን ማዘዝ ነው።