ስዕል እያጸደቅን አፕ ሠራን እንላለን

ፕሮቶታይፕ የምንለው ነገር አሁን አሁን ስዕል ሆኗል። ፊግማ ላይ አራት ማዕዘን እንደረድራለን፣ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ቀስት እንስባለን፣ አለቆች ፊት ክሊክ ክሊክ ይደረጋል፣ "ዋው!" ይባላል፣ ይጸድቃል። በቃ። ስዕሉ ላይ ኔትወርክ አይቆራረጥም፤ ተጠቃሚዎቹም ሁሉ አጭር ስም ያላቸው ፈገግተኛ ፈረንጆች ናቸው።

"መሣሪያው ምን አጠፋ?" የሚል አይጠፋም። ፊግማን እኔም በየቀኑ እከፍተዋለሁ። በፈረንጅ 2016 ለሁሉም ክፍት ሲሆን ብዙ ሰው "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "እውነተኛው የመጨረሻ" የሚሉ ፋይሎችን ከመላላክ ገላግሏል። አዶቤ በ2022 በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው የተስማማው (በዓመቱ ቢፈርስም) በከንቱ አይደለም። ግን መሣሪያ የሚያቀልልንን ነገር አብዝተን እንሠራለን፤ ፊግማ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያቀለው ማሳመርን ነው።

ኢቫን ሰዘርላንድ በ1963 ኤምአይቲ ውስጥ በሠራው ስኬችፓድ፣ በብርሃን ብዕር የተሳለን መስመር "ከዚያኛው ጋር ትይዩ ሁን" ብሎ ማዘዝ ይቻል ነበር። በ1987 የወጣው የአፕል ሃይፐርካርድ ላይ ያስቀመጡት በተን እዚያው በጥቂት መስመር ትእዛዝ ይሠራ ነበር። ፊግማም ኦቶ ሌይአውት፣ ቫሪያብል ምናምን ጨምሯል፣ አልክድም። እጄ የሚገቡት ፋይሎች ግን አሁንም ደረቅ ስዕል ናቸው።

አማርኛ ላይ ሲደርስ ይብሳል። እንግሊዝኛው "ሴቭ" ብሎ ያልፋል። አማርኛው ግን ወንድ ነህ፣ ሴት ነሽ፣ ወይስ አንቱ ኖት ብሎ ይጠይቃል፦ አስቀምጥ፣ አስቀምጪ፣ ያስቀምጡ። ይህ የዲዛይን ውሳኔ ነው እኮ! የሚወስነው ግን መጨረሻ ላይ ኤክሴል የተላከለት ተርጓሚ ነው፣ ስክሪኑን እንኳ ሳያይ። "ላስት ኔም" የሚለው ሳጥን ውስጥ አንዱ የአባቱን፣ ሌላዋ የአያቷን ስም ትጽፋለች፤ ከዚያ ሰነድ አልገጠመም ተብሎ መመላለስ ነው። የወር መምረጫው 12 ሳጥን ስላለው ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው ወር የለውም። ቀጠሮ "2:00" ይላል፤ እናቴ ብትሆን ጠዋት 2 ሰዓት ትደርሳለች፣ ሐኪሙ ያሰበው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ወንበር ላይ፣ ለዚያውም ታማ።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ፦ የአማርኛ ጽሑፍ፣ ረጅም ስም፣ ጳጉሜንና የተቋረጠ ኔትወርክ የሌለበትን ፕሮቶታይፕ ማንም ዴቨሎፐር አይረከብ። ፊግማ ካስቸገረ በተራ ኤችቲኤምኤል ይሠራ፤ ቢያስጠላም ርካሽ ስልክ ላይ ይከፈትና አንዲት እናት ትነካካው።

"ጊዜ የለንም" ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ በተን ጥላ ግማሽ ቀን ስንከራከር ግን ጊዜ ነበረን።