መዝገቡ የሁላችንንም ስም ይያዝ



ስለ ምርጫ ሲነሳ የምናወራው ድምፅ ስለሚሰጥበት ቀን ብቻ ነው። ነገሩ ግን የሚቆረጠው ምዝገባው ላይ ነው። ስሙ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው የዚያን ዕለት ቢሰለፍም ቢለምንም ያው ተመልካች ነው።

በ2013 ዓ.ም. ምርጫ በአገሪቱ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል። ጥሩ። አንዲት የሠፈራችን እናት ግን በምርኩዝ እየተረዱ እስከ ጣቢያው ደርሰው፣ ምዝገባው ፎቅ ላይ ነው ቢባሉ ደረጃውን አይተው ተመለሱ። መዝጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠረጴዛውን ወደ ምድር ቤት ማውረድ ትዝ አላለውም። ያሳሰበውም የለም። እኔ ራሴ ከኋላቸው ተሰልፌ ነበር እኮ!

ሌላው ተከራዩና የቤት ሠራተኛው ነው። ሕጉ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ ይመዝገብ ይላል እንጂ የቤት ካርታ አምጣ አይልም። አሠሪዎችስ ብትሆኑ፣ ለሠራተኛችሁ የግማሽ ቀን ፈቃድ መስጠት ምን ይከብዳል?

ታዛቢ ሆኖ ጣቢያ ውስጥ ለመቀመጥ የምርጫ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል። መዝገቡ ለሕዝብ ይፋ ሲደረግ ሄዶ ማየትና ስሜ ቀረ ብሎ ማመልከት ግን መብታችን ነው። እንግዲህ ምዝገባ በተከፈተ ቁጥር ከየእድሩ ሁለት ሁለት ሰው ይመደብና ማን እንደተመለሰ፣ በምን ምክንያት እንደሆነ በደብተር ይያዝ። ደረጃ ያለበት ጣቢያ ካለም አስቀድመን እንናገር።

ደብተሩን እኔ እገዛለሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የእኒያ እናት ስም ይጻፋል።