ግራኝን ማን ይጫወተው?

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የምራችንን ነው። ደብረ ብርሃን አንድ ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሽንብራ ኩሬን ጦርነት እንዘርጋና እንጫወት ብንባባል «እኔ ልብነ ድንግልን!» የሚል አናጣም። እንዲያውም እንሻማበታለን። ከፊት ለፊት ባለው ወንበር ተቀምጦ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ጦር የሚይዝ፣ ያውም ለይምሰል ሳይሆን ለማሸነፍ የሚጫወት ግን ማን ነው? ጨዋታውን ሐረር ወስደን ብንዘረጋው ደግሞ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል፤ ባዶ የሚቀረው የንጉሡ ወንበር ይሆናል። ሰውየውን የምንጠራበት ስም ራሱ የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጥን ያሳብቅብናል። አንዱ ጋ «ግራኝ»፣ ሌላው ጋ «ኢማሙ»።

ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ስለዚህ ባዶ ወንበር ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው፤ ሰባት ወይም ስምንት እየቀነሳችሁ አንብቡልን።)

በሌላው ዓለም የጠረጴዛ ጦርነት የሚባል ጨዋታ አለ። ሥራ ያላቸው፣ ልጆች ያሳደጉ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ጣት የማያካክሉ ወታደሮችን ጠረጴዛ ላይ ያሰልፋሉ። እርምጃውን በሜትር እየለኩ፣ ዕድሉን እንደ ሉዶ በዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። ነገሩ የጀመረው በቀልድ አይደለም። በ1824 ራይስቪትዝ የሚባል የፕራሻ መኮንን ይህን መሰል ጨዋታ ለጦር አዛዦቹ አቀረበ፤ መኮንኖች የሰው ደም ሳይፈስ ስህተታቸውን እንዲያዩ የሚያደርግ ትምህርት ቤት ሆነ። በ1913 ደግሞ ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ሳሎን ቤት የሚያጫውት ሕግ ጽፎ በመጽሐፍ አወጣው።

በእነዚህ ጠረጴዛዎች ላይ ከሚዘረጉት ውጊያዎች አንዱ የፓኒፓት ነው። በሚያዝያ 1526 ከመካከለኛው እስያ፣ ከፈርጋና ሸለቆ የተነሳው ባቡር (የምድር ባቡር አይደለም፤ ስሙ ነው) ዴልሂ አጠገብ ከሱልጣን ኢብራሂም ሎዲ ጋር ተጋጠመ። ባቡር በጻፈው ማስታወሻ መሠረት የእሱ ጦር 12,000 ግድም፣ የሎዲ ደግሞ 100,000 ሰውና 1,000 ዝሆን ነበር። ባቡር ጋሪዎችን በጠፍር አያይዞ ምሽግ ሠራ፤ ከጋሪዎቹ መሐል መድፍና ጠመንጃ ተኮሰ፤ ፈረሰኞቹን በጎንና በኋላ አዙሮ ላከ። ዝሆኖቹ ደነበሩ፤ ሎዲም እዚያው ሜዳ ላይ ወደቀ። ይህን የሚጫወተው ሰው ዛሬ ባቡርን ከያዘ በሚቀጥለው ጊዜ ሎዲን ይይዛል። ሎዲን የያዘ ዕለት «እንዴት ቢያደርግ ያሸንፍ ነበር?» ብሎ ጭንቅላቱን ያሻል። ለአንድ ቀን ከሰዓት የተሸናፊውን ጭንቀት ይጨነቃል ማለት ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የምትሉን ካላችሁ ቆዩን። የሕንድን ጦር ጠረጴዛ ላይ ማሰለፍ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ሰንጠረዥ ማለት እኮ ይኸው ነው! ጨዋታው ስድስተኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ሕንድ ውስጥ ሲወለድ አራት የጦር ክፍሎች ነበሩት፤ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዓረብ፣ ከዚያም ወደ እኛ መጣ። ልብነ ድንግል ራሳቸው ቤተ መንግሥት ውስጥ ከአንድ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ትግራይ ሲደርስ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። ሰሜን ሸዋም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። በ1883 አንኮበር መድኃኔ ዓለም ላይ ከምኒልክ ጋር በቁርባን የተጋቡት እቴጌ ጣይቱ ሰንጠረዥ አዋቂ ነበሩ ይባላል። መቀሌ ላይ ጣሊያንን ውኃ ያስጠሙትን ሴት አስቡና ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ የተጫወተውን ሰው እዘኑለት።

የእኛ ሰንጠረዥ የራሱ ጠባይ ነበረው። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ይበቃል። ዝሆኑ ስሙን ሳይቀይር «ፊል» እንደተባለ ቀርቷል፤ እግረኛው «መደቅ» ነው። ከሁሉ የሚገርመን አጀማመሩ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው የፈቀደውን ያህል እያንቀሳቀሱ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ወታደር እስኪበላ ድረስ ነው ወረራው። አንድ ከተበላ በኋላ ግን ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። አጨራረሱም ክብር አለው፤ ንጉሡን በፈረስ መግደል እንደ ቀላል ነገር ሲታይ በመደቅ መግደል ግን ያስመሰግናል። ጠቢብ የሚባለው ትንሹን ወታደር እስከ መጨረሻው ያላባከነ ነው።

ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጠፋ። ስሙ ግን አልጠፋም፤ ቢሮ ገባ። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ስንል ሪፖርት ላይ በቁጥር የሚሞላውን ነው። ጨዋታውን ደግሞ «ቼዝ» ብለን እንደ ባዕድ ተቀብለነዋል። በስልካችን ፐብጂ የማያውቁትን ደሴት ስንዋጋ እናድራለን፤ በእግራችን የቆምንበት መሬት ላይ ምን እንደተደረገ ግን የምንሰማው በፉከራ ወይም በልቅሶ ብቻ ነው።

እስቲ ሽንብራ ኩሬን እንዘርጋው። ፓኒፓት ላይ ሎዲ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት፣ በመጋቢት 1529፣ ከሞጆ ብዙም ሳይርቅ የተካሄደ ጦርነት ነው። ወታደር መግዛት አያስፈልግም፤ ስሙም ይጋብዛልና ሽንብራ ይበቃል። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው አራብ ፋቂህ እንደሚለው በንጉሡ በኩል 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ፣ በኢማሙ በኩል 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ነበር። አንዱን ፍሬ በሺህ ሰው እንቁጠረው። ለንጉሡ 216 ባቄላ እንደረድራለን። ለኢማሙ 12 ሽንብራና፣ ለፈረሰኞቹ፣ አንድ ክክ!

አሁን ጠረጴዛውን እዩት። መጽሐፍ ላይ ስናነብ ዝም ብሎ ያለፈን ቁጥር ዓይናችን ሥር መጥቶ ይጮሃል። 12 ሽንብራ 216 ባቄላን እንዴት ያሸንፋል? ጠመንጃው ነው? ሥልጠናው ነው? የአዛዦች አለመስማማት ነው? ወይስ ቁጥሩ ራሱ የተጋነነ ነው? አራብ ፋቂህ የአሸናፊው ወገን ጸሐፊ ነው። ባቡርም ስለ ራሱ ድል ነው የጻፈው። የአሸናፊ ብዕር የጠላትን ጦር ማብዛት ይወዳል፤ ድሉ እንዲገዝፍ። የእኛ ዜና መዋዕሎችም ከዚህ አመል ነጻ አይደሉም። ይህን ጥርጣሬ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የታሪክ ትምህርት የማያስጨብጠንን ያህል አንድ ስኒ ሽንብራ ያስጨብጠናል።

ከዚያ ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። በ1531 የኢማሙ ጦር አንጾኪያ ላይ፣ ዛሬ የሰሜን ሸዋ ወረዳ በሆነው ምድር፣ መድፍ ተኮሰና የንጉሡን ጦር በታተነ። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ በ1332 አጼ ዓምደ ጽዮን ከኢፋቱ ሰብረዲን ጋር የተዋጉት ጦርነትም አለ። ኢፋት የት ነው? እዚሁ ነው! ከአንኮበር ገደል ቁልቁል ስናይ የምናየው ቆላ ነው። የኖራና የአስበሪ መስጊዶች ፍርስራሽ እዚያ አለ። አንኮበር ሥር ያለው የአልዩ አምባ ገበያ የአርጎባ ነጋዴዎችና የደጋው ሰው ለዘመናት የተገበያዩበት ነው። እናም ጓዶች፣ ሰሜን ሸዋ ላይ «የእኛ ወገን» እና «የእነሱ ወገን» የሚባሉት የሁለቱም የልጅ ልጆች አንድ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ባዶው ወንበር የሩቅ ሰው ወንበር አይደለም፤ የጎረቤታችን ወንበር ነው።

«ጦርነት ያቃጠለን አንሶ ደግሞ ጨዋታ?» የሚል ተቃውሞ ይመጣል፤ ተገቢም ነው። በ2021 አጣዬ ነደደች፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አፋፍ ደረሰ። በነሐሴ 2023 ክልሉ ውስጥ ሌላ ጦርነት ተነስቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ደብረ ብርሃን ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎችን በመጠለያ ስታስተናግድ የኖረች ከተማ ናት። ልጇን ያጣች እናት ባለችበት ሰፈር ባቄላ እየደረደሩ «ገደልኩህ» መባባል ያሳፍራል። ስለዚህ የትናንቱን ቁስል ጠረጴዛ ላይ አናወጣውም። አምስት መቶ ዓመት ያለፈው ይበቃናል።

ግን ደግሞ እንነጋገር። ጦርነት እንደ ጨዋታ የሚቀለው ለማን ነው? እኛ እንደምናየው ጠረጴዛ ላይ ለሚጫወተው አይደለም፤ በፉከራ ለሚያውቀው ነው። ፉከራ ውስጥ የእኛ ሰው አይሞትም፤ ቢሞትም አይቆጠርም። ጠላት አእምሮ የለውም፤ ፈሪ ወይም አረመኔ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን የተበላው ፍሬ ሁሉ በእጅ ተነስቶ ጎን ይቀመጣል፤ ክምሩ ይታያል። ፊት ለፊታችን የተቀመጠውም እንደ እኛ የሚያስብ፣ የሚፈራ፣ የራሱ ምክንያት ያለው ሰው ነው። ይህን ሳናውቅ ነው ፌስቡክ ላይ በየምሽቱ «ወረራ» የምንጫወተው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ያለ ተራ። በጨዋታው እንኳ የመጀመሪያው ሲወድቅ ወረራው ይቆማል። በእኛ ክርክር ገና ያኔ ይጀምራል።

የምንለው አጭር ነው። የታሪክና የጋዜጠኝነት ተማሪዎች፣ የቼዝ ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች፣ ካፌ ውስጥ ቅዳሜን በፑል የምንገድል ሁሉ፣ ሰንጠረዥን ከሪፖርት አስመልሰን ጨርቅ ላይ እንዘርጋው። ከለመድነው በኋላ ሽንብራ ኩሬን፣ ከዚያ አንጾኪያን እንሞክር። ወጪው አንድ የዱቄት ከረጢት ጀርባ ላይ የተሣለ ካርታ፣ አንድ ኪሎ ባቄላና ጥቂት ሽንብራ ነው። አንድ ሕግ ግን አይደራደሩበት። የመጀመሪያው ዙር እንዳለቀ ሁሉም ተነስቶ ወንበር ይለዋወጣል። ልብነ ድንግል የነበረው ኢማም አሕመድ፣ ኢማም አሕመድ የነበረው ልብነ ድንግል ይሆናል።

ሁለተኛው ዙር ሳይጠናቀቅ የተነሳ እንደተሸነፈ ይቆጠራል። ባቄላውንም ቀቅሎ የሚያበላው እሱ ነው።