ጭራቅ ያለበት ታሪክ ሁሉ የሰይጣን አይደለም

በወጣቶች ኅብረቶቻችን ስለ ቪዲዮ ጌም ሲነሣ ክርክሩ በሁለት መልስ ያልቃል። አንዱ ወገን «ጭራቅና አስማት ካለበት የሰይጣን ነው፤ አጥፉት» ይላል። ሌላው «ጌም እኮ ነው፤ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሁለቱም ታሪኩን ቁጭ ብለው አልሰሙትምና።

ጭራቅ መኖሩ ብቻ ታሪክን የሚያረክስ ቢሆን ዘንዶና አውሬ ያለበትን የዮሐንስን ራእይ ምን ልናደርገው ነው? ታሪክ የሚመዘነው ጠላትን ምን እንድናደርገው እንደሚያስተምረን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካዊው ቶቢ ፎክስ ያወጣውን «አንደርቴል» የተባለ ጌም እንውሰድ። አንድ ልጅ ከተራራ ወድቆ ከምድር በታች ይገባል። በዚያ የሚኖሩት በጦርነት ተሸንፈው በሰዎች የተዘጋባቸው ጭራቆች ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ጌሞች የተለመደው ሕግ የታወቀ ነው፦ ግደል፣ ነጥብ ሰብስብ፣ ደረጃህን ከፍ አድርግ። በአንደርቴል ግን ማንንም ሳይገድሉ እስከ ፍጻሜው መድረስ ይቻላል። ወደ መጨረሻው ላይ ምስጢሩ ይገለጣል። ተጫዋቹ «ልምድ» እያለ ሲሰበስበው የነበረው የግድያ ነጥብ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ፍቅር» ተብሎ የሚነበበው ደረጃም የዓመፅ መለኪያ ነው።

ነቢዩ ናታንም በዳዊት ፊት የክስ ወረቀት አላነበበም፤ የድሃውን ሰው በግ ታሪክ ነገረው እንጂ። ንጉሡ በታሪኩ ባለጠጋ ላይ ፈረደ፤ ፍርዱም በራሱ ላይ ዞረ። ጥሩ ታሪክ ሰሚውን እንዲህ ይይዘዋል።

«ጌም ብቻ ነው» የምትሉም ልብ በሉ። በአንደርቴል ሁሉን ገድሎ የጨረሰ ተጫዋች እንደገና ቢጀምርና በሰላም ቢጨርስ እንኳ፣ ጌሙ የቀድሞ ሥራውን አይረሳለትም።

ይህ ከእኛ ምን አገናኘው? በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ፣ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ወጡ። አብሮን ቡና የጠጣ ጎረቤት በአንድ ቀን ጭራቅ መስሎ ታየ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ በጋሞ ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ። ያን ቀን ደም ቢፈስ ኖሮ ሁሉን ወደ ነበረበት የሚመልስ ቁልፍ አልነበረም።

ስለዚህ የወጣት መሪዎች ሆይ፣ «ምን ትጫወታለህ?» በማለት ብቻ አታብቁ። «ጨዋታው የሚሸልምህ ጠላትህን ምን ስታደርገው ነው?» በሉ። በየስልካችን ስለ ሌላው ብሔር የሚለጠፈውን ስድብ በዝምታ እያለፍን የጌም ጭራቅ ብናሳድድ፣ እውነተኛው አውሬ ከጉባኤያችን መካከል ተቀምጦ ይዘምራል።

አንደርቴል ወንጌል አይደለም። ምሕረት አድርግ ይላል፤ ምሕረት ላላደረገው ግን የሚሰጠው ይቅርታ የለውም። እኛ ግን ለገዳይም የሚበቃ ምሕረት በመስቀሉ አለን። ይህን የያዘ ወጣት ታሪክን አይፈራም፤ ይመረምረዋል፤ ጎረቤቱንም ጭራቅ ብሎ አይጠራም።