ታፔላው ደንበኛውን ሲያባርር

“ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይባላል። በንግድ ዓለም ግን ስም የሚያወጣው ነጋዴው ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው እሱው ነው። ጫማ ሻጭ ታፔላው ባያምር ጥቂት ጫማ ሳይሸጥ ይቀራል። ለወጣቶች የሥነ ልቦና ምክርና ሕክምና የሚሰጥ የግል ቢሮ ታፔላው ሲያስፈራ ግን ከበር የሚመለሰው እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩት የአእምሮ ጤና ችግሮች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ችግሩ አለ፤ ባለሙያውም ቢሮ ከፍቶ ተቀምጧል። ታዲያ ሁለቱ ለምን አይገናኙም?

ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ዕቃ ከመጥፎው ጋር ተደምሮ ይረክሳል። የሥነ ልቦና ሕክምና ከዚያም ይብሳል። መኪናው ሲነዳ ይታወቃል፤ የሕክምናው ጥራት ግን ከተጠቀሙበት በኋላም በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ ገዢው በሚያየው ይፈርዳል፤ በስሙ፣ በአርማው፣ በመግቢያው፣ በእንግዳ ተቀባይዋ ፊት።

በእኛ አገር ደግሞ ከብሩ ሌላ የሚከፈል ዋጋ አለ፤ እሱም እፍረት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ “አማኑኤል ገባ” ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። “እግዚአብሔር ከእኛ ጋር” የሚል ትርጉም ያለው ቅዱስ ስም፣ ሆስፒታሉ ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕሙማንን ሲያክም በመኖሩ ብቻ የከተማው መሳለቂያ ሆነ። ጥፋቱ የሆስፒታሉ አይደለም። ነገር ግን አንድ ትምህርት ይሰጠናል፦ ስም ምንም ያህል ቢያምር፣ በዚያ በር የሚገባው ሁሉ ለአንድ ጉዳይ ብቻ እንደሚገባ ከታወቀ ስሙም የዚያን ጉዳይ እፍረት ይወርሳል።

ይህን የተረዱት አውስትራሊያውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመውና ከ12 እስከ 25 ዓመት ያሉትን የሚያገለግለው “ሄድስፔስ” በስሙ ውስጥ “በሽታ” ወይም “ሕክምና” የሚል ቃል የለውም። ዋናው ብልሃት ግን ስሙ አይደለም። በአንድ ጣሪያ ሥር የአእምሮ ጤና፣ የአካል ጤና፣ የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ምክር እንዲሁም የሥራና የትምህርት ድጋፍ ይሰጣል። ወጣቱ ሲገባ ያየው ጎረቤት ለምን እንደገባ አያውቅም። ዛሬ ማዕከላቱ ከ150 በላይ ሆነዋል። አርማው የሠራው አገልግሎቱ ከጀርባው ስላለ ነው።

የእኛዎቹ ቢሮዎች በአብዛኛው የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። ግራፊክስ ቤት ሄደው የጭንቅላት ሥዕል፣ ከሥሩም “የሥነ ልቦና ሕክምና” የሚል ደማቅ ጽሑፍ ያሠራሉ። የ16 ዓመት ልጅ በዚያ ታፔላ ሥር ቆሞ ሊታይ ይወዳልን? ሌላም አለ። በደረሰኙ ላይ የሚታተመው ስም፣ በቴሌብር ሲከፈል በስልክ የሚመጣው መልእክት፣ ስለ ቀጠሮ የሚደወለው ስልክ፣ ሁሉም የድርጅቱ መለያ ናቸው። በእናቱ ስልክ የሚከፍል ልጅ ምሥጢሩ የሚወጣው በታፔላው ሳይሆን በዚያች አጭር መልእክት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ፈተና ደንበኛው ሁለት መሆኑ ነው። ከፋዩ ወላጅ ነው፤ ተጠቃሚው ልጅ። ወላጅ የሙያ ፈቃዱን፣ የባለሙያውን ትምህርትና ሥርዓቱን ማየት ይፈልጋል። ልጁ የሚፈልገው እንደማይፈረድበትና ምሥጢሩ እንደሚጠበቅለት ማወቅ ነው። ለአንዱ ሲባል ሌላውን ማጣት ኪሳራ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ፣ ምሥጢር የሚጠበቅበትና የማይጠበቅበት ሁኔታም ወላጅና ልጅ አብረው በሚያነቡት አንድ ወረቀት ላይ በግልጽ አማርኛ ይቀመጥ። ለውጪው ታፔላ አጭርና ለስለስ ያለ ስም ይበቃዋል። ስሙን ሲመርጡም ጥቂት ወጣቶችን መጠየቅ ከማንኛውም የገበያ ጥናት ይረክሳል። ከተመረጠ በኋላ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ ይገባል፤ ነገ ሌላው በስሙ እንዳይነግድበት።

“እንዲህ መሸፋፈኑ እፍረቱን አያባብሰውም ወይ?” የሚሉ አሉ። ክርክሩ መሠረት አለው። ኅብረተሰቡን ማስተማር ይገባል፤ ነገር ግን ያ የዓመታት ሥራ ነው። የትምህርቱን ወጪ ዛሬ ታፔላ ሥር የሚቆመው ልጅ ብቻውን እንዲሸከም መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። ደግሞም ለስላሳ ስም ውሸት አይደለም። ውሸት የሚሆነው “ፍጹም ፈውስ” ብሎ መጻፍ ነው፤ ይህን ቃል የሚገባ ታፔላ ገበያውን በሙሉ ያረክሳል፤ አከርሎፍ ያለውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ቢሮ ለመክፈት የተነሣችሁ ባለሙያዎች፣ ለአርማው ከመክፈላችሁ በፊት ከመንገዱ ማዶ ቁሙና በራችሁን በአንድ ተማሪ ዓይን ተመልከቱት። እናንተ ራሳችሁ በዚያ ዕድሜ ለመግባት የምታፍሩበት በር ከሆነ፣ የትኛውም ቀለም አያድነውም።