የመንግሥት አገልግሎት በመንግሥት አድራሻ ይቅረብ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በአሜሪካ የጤና መድን ገበያዎችን ስም ያወጣው ግን የማስታወቂያ ስሌት ይመስላል። በዋሽንግተን ዲሲ «ዲሲ ሄልዝ ሊንክ»፣ በኔቫዳ «ኔቫዳ ሄልዝ ሊንክ»፣ በኮሎራዶ «ኮኔክት ፎር ሄልዝ ኮሎራዶ» ተብለዋል። ሦስቱም በሕግ የተቋቋሙ የሕዝብ ተቋማት ናቸው። ሦስቱም ግን ድረ ገጻቸውን የከፈቱት ማንኛውም ነጋዴ በጥቂት ዶላር ሊገዛው በሚችለው «ዶት ኮም» አድራሻ ነው። በሦስቱም ስፍራ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ።

ጉዳዩ የውበት ወይም የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ዓርማ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዳል፤ ማራኪ ስምም አንድ ቃል ተለውጦበት ሌላ ድረ ገጽ ይሆናል። በ«ዶት ጎቭ» የሚያበቃ አድራሻ ግን ማንነቱ ለተረጋገጠ የመንግሥት አካል ብቻ ስለሚሰጥ አስመሳይ ሊገዛው አይችልም። እንግሊዝኛን አቀላጥፎ የማያነብ ሰው እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበት አስተማማኝ ምልክት ይኸው አድራሻ ነው። መንግሥት ራሱ ሲተወው ዜጋውን በምን ለይ ሊለው ነው?

በተዋሱት ስም መነገድ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ የታወቀ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 በፍሎሪዳ የሚሠራ አንድ የመድን ሻጭ ድርጅትን ከሷል። ክሱ እንደሚለው ድርጅቱ ከታወቁ ተቋማት ጋር ግንኙነት ያለው በማስመሰል፣ ሙሉ የጤና መድን የገዙ ለመሰላቸው ሰዎች እዚህ ግባ የማይባል ሽፋን ይሸጥ ነበር። በ2024 ፍርድ ቤት የ195 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ወሰነ። ታሞ ሆስፒታል ከገባ በኋላ መድን እንደሌለው ለተረዳ ቤተሰብ ግን ፍርዱ የዘገየ ነው።

ተቃዋሚዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ወጪ ነው፤ ሆኖም ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ «ዶት ጎቭ» አድራሻ ብቁ ለሆኑ የመንግሥት አካላት በነጻ ይሰጣል። ሁለተኛው ሕዝቡ የለመደው አድራሻ ሲቀየር ግር ይለዋል የሚል ነው፤ የድሮውን አድራሻ የሚጽፍ ሁሉ በቀጥታ ወደ አዲሱ እንዲሻገር ማድረግ ግን የተለመደ አሠራር ነው። ሦስተኛው ገበያዎቹ ራሳቸውን የቻሉ ተቋማት ናቸው የሚል ነው። የሜሪላንድ ገበያም እንደዚሁ ራሱን የቻለ የሕዝብ ተቋም ነው፤ አድራሻው ግን በ«ዶት ጎቭ» ያበቃል። ከሲልቨር ስፕሪንግ መንገድ ተሻግሮ ዲሲ የገባ ሰው ይህን ጥበቃ የሚያጣበት በቂ ምክንያት የለም።

ሌላም ጉድለት አለ። በፌዴራል ድረ ገጾች አናት ላይ ገጹ የመንግሥት መሆኑን የሚያስረዳው ማሳወቂያ በመደበኛ ንድፉ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። የዲሲ ምክር ቤት ግን በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪዎችን በቋንቋቸው ማገልገል ጀምረዋል። ቅጹን ተርጉሞ፣ «ይህ እውነተኛው ገጽ ነው» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሳይተረጉሙ መተው ቤቱን ሠርቶ በሩን ሳይገጥሙ እንደ መተው ነው።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ሦስት ነገሮችን ሊደነግጉ ይገባል። አንደኛ፦ ማንኛውም በሕግ የተቋቋመ የጤና መድን ገበያ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወደ «ዶት ጎቭ» ይዛወር። ሁለተኛ፦ የንግድ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ የሚያስተዳድረው የመንግሥት አካል ስም ከዓርማው ጎን በጉልህ ይጻፍ። ሦስተኛ፦ የእውነተኛነት ማሳወቂያው ተቋሙ በሚያገለግልባቸው ቋንቋዎች ሁሉ፣ በአማርኛም ጭምር ይውጣ።

የ2020ው የፌዴራል ሕግ አድራሻውን ለክፍላተ ግዛትና ለከተሞች አመቻቸ እንጂ አላስገደደም። በፈቃደኝነት የተተወው ጊዜ በቂ ነበር፤ የቀረውን ሕግ ይፈጽመው።