በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ!

ይድረስ ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

እኔ ከድምፄ በቀር ደህና ነኝ። የ25 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ተጂ ነው። ሥራዬ አስተማሪነት ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምራለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴ ላይ እንቅርት ነበረብኝ። መጀመሪያ በሻርፕ እሸፍነው ነበር። ኋላ ግን እያደገ መጥቶ ስተኛ ያፍነኝ ጀመር። ከአራት ወር በፊት አዲስ አበባ ሄጄ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። እንቅርቱ ወጣ፣ ጠባሳውም ቀጭን መስመር ሆኖ ቀረ። ደስታዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረም። ከሰመመን ነቅቼ «ውሃ ስጡኝ» ስል የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ሐኪሙ «ይመለሳል፣ ታገሺ» አለኝ፤ እኔም በዚያው ወደ ቤቴ ገባሁ።

ይኸው እስከ ዛሬ ድምፄ እንደተበሳ ጎማ አየር ያፈሳል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ትንፋሼ ያልቃል። ውሃ ስጠጣ ትን ይለኛል። ክፍል ገብቼ «ዝም በሉ!» ስል የሚሰሙኝ ከፊት የተቀመጡት ብቻ ናቸው፤ የኋለኞቹ ይስቃሉ። ርዕሰ መምህሩ፣ በቅንነት ይመስለኛል፣ «ማስተማሩን ትተሽ መዝገብ ቤት ብትገቢስ?» ብሎኛል። አክስቴ ደግሞ «የሰው ዓይን ነው፤ ክኒኑን ተይና ጠበል ግቢ» ትለኛለች።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። ሥራው ሐዋሳ የሆነ እጮኛ አለኝ። የምንገናኘው በአብዛኛው በስልክ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ መጀመሪያ የደወለ ቀን «ሃሎ» ስለው «ወንድሜ፣ እስኪ እሷን አቅርብልኝ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ የምመልስለት በጽሑፍ ብቻ ነው። ለበዓል መጥቶ ሲያገኘኝ «ጉንፋን ነው» አልኩት። አሁን «ስልኬን የማታነሺው ሌላ ሰው ስለያዝሽ ነው» እያለ ይጽፍልኛል። ከጾሙ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። እኔ ግን ሳያውቅብኝ ብለየው ይሻላል እያልኩ ነው።

ድምፄ ይመለሳል ወይ? ሥራዬንስ ልተው? ለእሱስ ልንገረው ወይስ ልለየው? መላ በሉኝ።

ድምፅ አልባዋ፣ ከተጂ

*

ውድ እህታችን፣

አይዞሽ! ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንንገርሽ፤ ለዚህ ችግር አራት ወር ተስፋ የሚቆረጥበት ጊዜ አይደለም። ግን ደግሞ እጅን አጣጥፎ የሚጠበቅበትም ጊዜ አይደለም። «ታገሺ» ማለት «ተኚ» ማለት እንዳልሆነ እንድታውቂልን እንፈልጋለን።

ድምፅሽ ምን ሆነ?

ማንቁርታችን ውስጥ እንደ በር መዝጊያ የሆኑ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፤ ስንናገርና ስንውጥ ይገጥማሉ። የሚያዝዟቸው በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት ቀጫጭን ነርቮች ናቸው። የእነዚህ ነርቮች መንገድ ግን ጉድ ነው! ከአዲስ አበባ ተነስቶ ተጂ መውረድ ያለበት ተሳፋሪ ተጂን ዝም ብሎ አልፎ፣ ቱሉ ቦሎ ደርሶ፣ እዚያ አዙሮ ወደ ተጂ ቢመለስ ምን ትይዋለሽ? ነርቮቹ የሚያደርጉት ልክ እንደዚያ ነው። ማንቁርትን አልፈው ይወርዳሉ፤ የግራው ደረት ውስጥ ገብቶ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር ይዞርና ወደ ላይ ይመለሳል። የቀኙም ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ሥር ዞሮ ይመለሳል። ሲመለሱ ታዲያ የሚያልፉት በታይሮይድ ዕጢ፣ ማለትም በእንቅርቱ ጀርባ ተጠግተው ነው።

ይህ ነገር የታወቀው ዛሬ አይደለም። ከ1,800 ዓመት በፊት የነበረው ሐኪም ጋለን የአሳማ አንገት ላይ እነዚህን ነርቮች ሲቆርጥ ጩኸቱ ድንገት ቀጥ ማለቱን ጽፏል። የስዊዘርላንዱ ቴዎዶር ኮኸር የታይሮይድ ቀዶ ጥገናን ከገዳይነት አውጥቶ በ1909 (እንደ አውሮፓውያን) የኖቤል ሽልማት ካገኘ በኋላም የነርቩ ጣጣ አልቀረም። ዛሬም በሠለጠነው አገር ሳይቀር ከ100 ታካሚዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ለጊዜው፣ 1 ወይም 2 ደግሞ ለዘለቄታው የድምፅ አውታር ሽባነት ይገጥማቸዋል።

ስለዚህ «ሐኪሙ ቆረጠብኝ» ብለሽ አትደምድሚ። ነርቩ ሳይቆረጥም ይጎዳል። ሲለጠጥ፣ በአካባቢው ያለው ሥጋ ሲያብጥ፣ ደም ለማቆም በሚጠቀሙበት ሙቀት ሲነካ ይደነዝዛል። እንቅርቱ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ነርቩን ከቦታው ገፍቶት ስለሚቆይ ሥራው ይከብዳል። በሰመመን ጊዜ በአፍ የሚገባው የመተንፈሻ ቱቦም አውታሮቹን የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

አንቺ የጻፍሽልን ምልክት፣ አየር የሚያፈስ ድምፅ፣ ቶሎ የሚያልቅ ትንፋሽ፣ በውሃ ትን ማለት፣ ከመዝጊያዎቹ አንዱ ሳይገጥም ሲቀር የሚታየው ነው። ከሩቅ ሆነን ግን መፍረድ አንችልም። በዓይን መታየት አለበት።

ይመለሳል ወይ?

ነርቩ ካልተቆረጠ ብዙዎች በስድስት ወር ውስጥ ይሻላቸዋል፤ እስከ አንድ ዓመት የሚቆይባቸውም አሉ። የተጎዳ ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ መንገዱ ረጅም ነው። የታመመው አውታር ባይነቃም እንኳ ደህነኛው ከመስመሩ አልፎ ሄዶ ሊገጥመውና ድምፁ ሊሻሻል ይችላል።

ስለዚህ ሪፈር አጽፈሽ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጥቁር አንበሳም ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህ ክፍል አላቸው። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫሽ አስገብተው አውታሮቹን ያዩልሻል። ያስነጥስሽ ይሆናል እንጂ ቀዶ ጥገና አይደለም። ስትሄጂ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፦ የማይንቀሳቀሰው የትኛው ወገን ነው? በቀዶ ጥገናው ማስታወሻ ላይ ነርቩ ታይቷል ወይስ ተቆርጧል ተብሎ የተጻፈ ነገር አለ? ቀጣዩ ምርመራ መቼ ነው? መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ጠብ አይደለም።

ሰውነት ብቻውን ካልቻለም መላ አለ። የሽባው አውታር ጎን ላይ ጄል ወይም ከራስሽ ሰውነት የተወሰደ ስብ በመርፌ ተሰጥቶ አውታሩ ወደ መሐል ይጠጋል። ጄሉ ከጊዜ በኋላ ስለሚሟሟ ነርቩ እስኪያገግም ላለው ጊዜ ይጠቅማል። ቋሚ የሆነው ደግሞ በውጭ በኩል ትንሽ ድጋፍ ማስገባት ነው፤ ዘዴውን ኢሺኪ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም በ1974 (እንደ አውሮፓውያን) አስተዋውቆታል። ነርቩ መቆረጡ ካልታወቀ በቀር ለቋሚው ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ይጠበቃል።

እስከዚያው ድረስ

አትጩኺ፣ አታንሾካሽኪም። ማንሾካሾክ ድምፅን የሚያሳርፍ ይመስላል እንጂ ጉሮሮን ያስጨንቃል። በቀስታ፣ በአጭር በአጭሩ ተናገሪ፤ ትንፋሽሽን ከሆድሽ ሳቢ። እህህ እያልሽ ጉሮሮሽን አትጥረጊ፤ ሲያሳክክሽ ምራቅሽን ዋጪ። ከማገዶ ጭስና ከሲጋራ ራቂ። ማታ ቃሪያና በርበሬ በልቶ ወዲያው መተኛትም ቃር አስነስቶ ጉሮሮን ያቆስላል። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም ሐኪምሽን ጠይቂ። ጡንቻ ወጥሮ፣ ግድግዳ ገፍቶ የሚሠራ የድምፅ ስፖርት ግን ያለ ባለሙያ እንዳትሞክሪ።

ስለ ትንታው፦ ቀጭን ፈሳሽ ከወፍራም ይልቅ ያስቸግራል። አጥሚት ሳያስቸግርሽ ውሃ ትን የሚልሽ ለዚህ ነው። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ አገጭሽን ወደ ደረትሽ ዝቅ አድርጊ፣ በትንሽ በትንሹ ጠጪ። ጭንቅላትን ወደ ታመመው ወገን ዞር አድርጎ መዋጥ የሚረዳቸውም አሉ፤ የትኛው ወገን እንደሆነ ሲነገርሽ ሞክሪው። እየበላሽ አታውሪ።

አክስትሽን በተመለከተ ጠበሉን አንከለክልም፤ እምነትሽ ነው። ክኒኑን ግን እንዳታቆሚ! ዕጢው ከወጣ ሰውነትሽ የሚያጣውን ሆርሞን የሚተካልሽ እሱ ነው። በባዶ ሆድ፣ ከቡናና ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይወሰዳል። ጠበሉንም ቢሆን በጣሳ ግጥም አድርገሽ አትጠጪው፤ ወደ ሳንባ ከገባ ሌላ በሽታ ያመጣል።

እነዚህን ካየሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፦ ትንፋሽ ስትስቢ የሚያፏጭ ወይም የሚያቃስት ድምፅ ካለ፣ ትንታው ትኩሳትና ሳል ካስከተለ፣ ወይም ጣቶችሽና ከንፈርሽ ከደነዘዙ። የመጨረሻው የካልሲየም ማነስ ሊሆን ይችላል።

ሥራሽ

አትተዪው። ግን እንደ ድሮው አስተምራለሁ ብለሽም አትታገዪ። ከሐኪሙ ማስረጃ አጽፈሽ ለርዕሰ መምህሩ ስጪና ለጊዜው ክፍለ ጊዜ እንዲቀነስልሽ ጠይቂ። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ይኑር፤ መዝገብ ቤት ገብቶ መረሳትም አለና። ክፍል ውስጥ ፀጥታ በጩኸት ብቻ አይገኝም። በጭብጨባ ወይም በፊሽካ ተግባቢ፣ የክፍል አለቃውን ተጠቀሚበት፣ ከኋላ የሚስቁትን ከፊት አስቀምጪያቸው። ወገብ ላይ የምትታሰር ትንሽ ድምፅ ማጉያም አለች፤ ለአስተማሪና ለአስጎብኚ የምትሸጠዋ። ልጆቹንም ቁጭ አድርገሽ «ታምሜ ነው፣ ድምፄ እስኪመለስ እርዱኝ» በያቸው። ልጆች ምክንያቱን ካወቁ ከአዋቂ ይልቅ ያዝናሉ።

እጮኛሽ

እህት ዓለም፣ እዚህ ላይ በግልጽ እንናገር። ደብዳቤሽን ስናነበው ፍቅራችሁን እየጎዳ ያለው ድምፅሽ ሳይሆን ዝምታሽ ነው። እሱ እስካሁን ድምፅሽን አልጠላም፤ እንዲሰማው ዕድል አልሰጠሽውምና። ስልክ የማይነሳለት ሰው ምን ያስብ? ያሰበውን ጽፎልሻል። «ወንድሜ» ያለሽም ሊያዋርድሽ ሳይሆን ስላላወቀ ነው። መጎዳትሽ ይገባናል፤ ስንት ጊዜ በስምሽ የጠራሽ ሰው ድምፅሽን ሳያውቀው ሲቀር ያማል። ግን እሱን ባልሠራው ጥፋት እየቀጣሽው ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሽማግሌ ሳይላክ ንገሪው እንጂ ከተላከ በኋላ አይሁን። በስልክ መናገር ከከበደሽ አስቀድመሽ ጻፊለት፤ «ጉንፋን አልነበረም። ቀዶ ጥገናው ላይ የድምፄ ነርቭ ተጎድቷል። ስልክ ያላነሳሁት አፍሬ ነው እንጂ ሌላ ሰው የለኝም» በይው። ከዚያ እንዲደውል ፍቀጂለትና አንሺው። የስልክ መስመር ድምፅን ይበልጥ ያሳንሳል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ወሬ ፊት ለፊት ይሁን። የሐኪም ቀጠሮሽ ቀን አብሮሽ ቢሄድ ደግሞ ካንቺ ሳይሆን ከሐኪሙ አፍ ይሰማል። አንድ ነገር ጨምረሽ አማክሪ፦ የሆርሞን ክኒን የምትወስድ ሴት ለማርገዝ ስታስብ አስቀድማ ሐኪሟን ማየት አለባት፤ በእርግዝና ጊዜ መጠኑ ብዙ ጊዜ ይጨምራልና።

ነግረሽው ቢያቅማማ ያማል፤ አንዋሽሽም። ግን ከጋብቻ በኋላ ከማወቅ ይሻልሻል። እኛን ከጠየቅሽን ደግሞ አራት ወር ሙሉ መልስ ላጣበት ስልክ ሲደውል የከረመ ሰው በቀላሉ የሚለይሽ አይመስለንም።

ለሌሎቻችሁ

እንቅርት ያላችሁና ለቀዶ ጥገና የተቀጠራችሁ አንባቢዎች፣ አትፍሩ፤ የሚያፍን እንቅርት ይዞ መቀመጥም አደጋ ነው። ነገር ግን ቢላ ከመነሳቱ በፊት የድምፅ አውታራችሁ እንዲታይ ጠይቁ። በድምፃችሁ የምትተዳደሩ፣ ዘፋኝ፣ አስተማሪ፣ ረዳት፣ ሰባኪ ከሆናችሁ ይህን ለሐኪሙ ንገሩት። በ1935 (እንደ አውሮፓውያን) እንቅርቷን ያስወጣችው ጣሊያናዊት የኦፔራ ዘፋኝ አሜሊታ ጋሊ ኩርቺ ድምፅ የተበላሸው በቀዶ ጥገናው ነው ሲባል ለብዙ ዘመን ተወርቷል። ኋላ የመረመሩት ሐኪሞች ወሬውን ቢጠራጠሩትም፣ ማስጠንቀቂያው ለቀዶ ሐኪሞች ጠቅሟል።

እንቅርት የሌለባችሁም አዮዲን ያለው ጨው ግዙ። አገራችን ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በ2011 (እንደ አውሮፓውያን) በደንብ አስገድዳለች። ጨውን ከፀሐይና ከእሳት አርቃችሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ አዮዲኑ በሙቀት ይቀንሳልና።

አንቺ ግን እህታችን፣ ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርጊ፦ ሪፈሩን አጽፊ፣ ለእሱም ያንን መልእክት ላኪ። የደረስሽበትን ጻፊልን፤ እንጠብቃለን።